ደም ብዛት ሲባል ደም በዝቶ ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከ15 ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

ከሀዋሳ ነው የምናገረው። ዛሬ ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ድምፅ ላሰማችሁ። ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ የሚቀርጸንን የድምፅ ባለሙያ ለምኜ አጠገቤ አስቀምጬዋለሁ። ልጁ ዛሬ አርፍዷል። ከመናኸሪያ በባጃጅ ተጣድፎ መጥቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጥቶ፣ ቡናውን በቁሙ ጨልጦ ነው የገባው፤ ትንፋሹ ገና አልተሰበሰበም። ግራ ክንዱ ላይ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠምጥሜለታለሁ፤ ማዳመጫው ላይ ማይክሮፎን አስጠግተናል። እስቲ አድምጡ።

(የፓምፕ ድምፅ፤ ዝምታ፤ ከዚያ «ጥ፣ ጥ፣ ጥ» የሚል ምት፤ ምቱ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል)

ሰማችሁት? ብዙ ሰው ይህን ምት የልብ ድምፅ ይመስለዋል። አይደለም። ጨርቁ በአየር ሲነፋ የክንዱን ደም ቅዳ ጨፍልቆ ዘግቶት ነበር። አየሩ ሲቀንስ ደሙ በጠበበው መንገድ እየተጋፋ ማለፍ ጀመረ፤ የሰማችሁት ያን ግፊያ ነው። ግፊያው ሲጀምር መርፌው 148 ላይ ነበር፤ ቧንቧው ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ድምፁ ሲጠፋ 94። 148 በ94 ማለት ነው። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ ክው አለና «ደሜ በዝቷል እንዴ?» አለኝ።

የዛሬውን ርዕሴን ከአፌ ነጠቀኝ። ደም ብዛት ሲባል፣ በእርግጥ የበዛው ደም ነው ወይ?

ከልጁ በፊት ይህን ጥያቄ ያመጡብኝ አክስቴ ናቸው። አቶቴ ነው የሚኖሩት፤ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ከዓመታት በፊት «ደም ብዛት አለብዎት» ተባሉና ክኒን ተሰጣቸው። አክስቴ ስሙን እንደ ስሙ ተረዱት። የበዛ ነገር ይቀነሳላ! ቀይ ሥር መብላት አቆሙ፤ ቀይ ስለሆነ ደም ይጨምራል አሉ። ሥጋና ጉበት ራቁ። አንድ ሰሞን ደግሞ ከገጠር የመጡ ዘመድ ዋግምት አደረጉላቸው። በቀንድ ተመጦ የወጣውን ጠቆር ያለ ደም በሳህን አሳዩዋቸውና «ይኸው፣ ትርፉ ወጣልሽ» አሏቸው። አክስቴ ቀለል አላቸው። ክኒኑንም ተዉት። ሳይቀንሱት የቀሩት ነገር ቢኖር ጨው ነው፤ ቡናቸውን ሳይቀር በጨው ነው የሚጠጡት።

ባለፈው ዓመት ድካሙና ማዞሩ ሲበረታባቸው ሌላ ቦታ ሄደው ደማቸውን ተመረመሩ። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እኔ ቤት መጡ። ገና ሳይቀመጡ፦

«አንተ ልጅ፣ እስቲ እነዚህን ሰዎች አስታርቅልኝ። የድሮው ሐኪም ደምዎት በዝቷል አለኝ። ይኼኛው ደምዎት አንሷል ይለኛል። በየት በኩል ወጥቶ አለቀ?»

ሳቅሁ፤ ግን መልሱን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ የሚያስቅ አልነበረም። ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ነበሩ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ «ደም ብዛት»ም «ደም ማነስ»ም ሊኖርበት ይችላል። ጥፋቱ የስሞቹ ነው።

መጀመሪያ ደማችን ስንት ነው? የአንድ ጎልማሳ ሰው ደም ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። ሦስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ታውቃላችሁ፤ አንድ ሞልቶ ሌላው ከግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ልብ በአንድ ምት የምትቀዳው ደግሞ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሳስተምር በእጄ የምይዘው ሁልጊዜ የቡና ሲኒ ነው፤ አንድ ሲኒ ያህል ነውና። አባቶቻችን ደም ቅዳ፣ ደም መልስ ብለው ቧንቧዎቹን ሲሰይሙ የቡና ቀጂን እያሰቡ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ነገሩ ግን ቁርጥ እሱ ነው። ተቀዳ፣ ተመለሰ። በደቂቃ 70 ምት ካለ 70 ሲኒ፣ ማለትም ያው 5 ሊትር ተቀድቶ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ሲደመር ከ7,000 ሊትር ይበልጣል። ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሰባት ሮቶ መሙላት ማለት ነው። ያውም ጡጫ በሚያህል ሥጋ።

ይህች ሥጋ ቀስቃሽ እንኳ አትፈልግም። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች ብታስተውሉ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ለአባ ኮዳዎቹ ሊጣል ሲል የአምባዛው ልብ ለብቻው ሲመታ ታዩታላችሁ። ባቄላ የምታህል ነገር፣ ከዓሣው ተለይታ፣ ጣውላው ላይ ትር ትር ትላለች። ልጆቹ ለምደውታል፤ ዞር ብለውም አያዩም። እኔ ግን ባዮሎጂ አስተምር በነበረ ጊዜ ተማሪዎቼን የምወስዳቸው እዚያ ነበር። ምቱን የምታስጀምረው ራሷ ልብ ናት፤ ነርቭና ሆርሞን የሚያደርጉት ፍጥነቱን ማዘዝ ነው።

አሁን ወደ ግፊቱ። ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆች በእጃቸው የያዙትን ቱቦ አስታውሱ። ውኃው ዝም ብሎ ሲለቀቅ እግራቸው ሥር ይወድቃል። ጭቃ የተጋገረበት ቦታ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን ቱቦው አፍ ላይ ጫን ያደርጋሉ፤ ውኃው ይወናጨፋል። ልብ በሉ፤ ባንቧው አልተጨመረም። ያው ውኃ ነው። ጠባብ መንገድ ስለገጠመው ግፊቱ ጨመረ እንጂ።

በሰውነታችን ውስጥ ያ አውራ ጣት ያለው ትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳቸው ጡንቻ አለው፤ ሲኮማተር ይጠብባሉ፣ ሲላላ ይሰፋሉ። ደሙ ሳይጨምር ሳይቀንስ ግፊቱ ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህ ግፊት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። የልጁ 148 ማለት ሜርኩሪን 148 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኃይል ነው። በውኃ ሲለካ ሁለት ሜትር ይሆናል፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ይህን በዓይኑ ለማየት የፈረስ ደም ቅዳ ላይ ቀጭን የመዳብ ቅይጥ ቱቦ ሰክቶ፣ ረጅም የመስታወት ቱቦ አቁሞ ነበር፤ ደሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አለ። ሙከራው የታተመው በ1733 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር። ሰውን ግን እንዲህ አድርጎ መለካት አይቻልም።

ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ያመጣልን ጣሊያናዊ ነው፤ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ይባላል፣ የቱሪን ሐኪም። ዓመቱ 1896። አዎ፣ የአድዋ ዓመት። የጣሊያን ጦር እኛ ዘንድ የመጣበትን ጉዳይ ሳይፈጽም በተመለሰበት ዓመት፣ ሐኪሙ እዚያው ቤቱ ቁጭ ብሎ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን ነገር ሠራ። ሪቫ ሮቺ የላይኛውን ቁጥር የሚያገኘው የእጅ አንጓን ምት በጣቱ እየዳበሰ ነበር። ታችኛውንም ለማግኘት ማዳመጫ አድርጎ ማዳመጥን በ1905 ያሳየው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ የጦር ሐኪም ነው። ቅድም የሰማችሁት «ጥ፣ ጥ» እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፤ አውራ ጣቱን ጫን አድርግ፣ ልቀቅ እያለ የሚያዘው ማነው? ፈጣኑን ትእዛዝ ነርቭ ይሰጣል። ዘለግ ላለው ጊዜ የሚቆየውን ግን ሆርሞኖች ናቸው የሚያመላልሱት። ሆርሞን የሚለውን ቃል ራሱን ያስለመደው ኧርነስት ስታርሊንግ የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ ነው፤ እሱም በ1905። ሥሩ ከግሪክኛ ነው፤ ቀስቅስ፣ አነሣሣ እንደማለት። ከአንድ እጢ የሚወጣ፣ በደም ተሳፍሮ ሩቅ ሄዶ ሌላውን ሥራ የሚያስጀምር መልእክት ነው። አድራሻ አይጻፍበትም። የገብርኤል ደወል ሲደወል ለከተማው ሁሉ ይሰማ የለም? ተነሥቶ የሚሄደው ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ነው። ሆርሞንም እንዲሁ መላ ሰውነትን ያዳርሳል፤ የሚሰማው ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ችኩሉ አድሬናሊን ነው። የልባችንን ምት ሲያፈጥን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባጃጅ አፍንጫችሁ ሥር ደርሶ ሲቆም ደረታችሁ ውስጥ የሚደልቀው እሱ ነው። ደረጃ መዝለልም፣ ቡናም፣ ንዴትም ያመጣዋል። ወንዶ ገነት የሚበቅለው ጫት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ደግሞ የአድሬናሊንን ወንድም ከነርቭ ጫፍ አስለቅቆ ምትንም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ቅሞ ወይ ቡና ጠጥቶ ወዲያው የሚለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር የእሱ ነው ለማለት ይቸግራል።

እኔ ዛሬ ልቆይበት የምፈልገው ግን ኩላሊት ላይ ነው። ኩላሊት ስንል የሚታየን ሽንት ነው። ቆሻሻ ማጣሪያ እንለዋለን፤ እውነት ነው፣ ግን ተንቋል። ልብ በደቂቃ ከምትቀዳው 70 ሲኒ 14 ያህሉ የሚሄደው ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ነው። ሁለቱ ተደምረው 300 ግራም ገደማ ቢመዝኑ ነው። አንድ አምስተኛውን ግብር ለእነሱ የምትከፍለው በከንቱ አይደለም። ኩላሊት የሚደርሰውን ደም ይለካል። ግፊቱ ስንት ነው? ጨው አለው ወይ? ኦክስጅን ይዟል ወይ? ከዚያ በየጥያቄው መልስ ይልካል። አበው በጸሎታቸው ልብና ኩላሊትን አንድ ላይ ማንሣታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በሕክምናው በኩልም ሁለቱ የማይነጣጠሉ ጎረቤታሞች ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ ሬኒን ይባላል። ስቶክሆልም ላይ ሮበርት ቲገርስቴትና ረዳቱ የጥንቸል ኩላሊት ጨምቀው ሌላ ጥንቸል ላይ ሲወጉት ግፊቷ አሻቀበ፤ 1898 ነው። ዛሬ መንገዱን እስከ ዳር እናውቀዋለን። ግፊት ሲወርድ ወይም ጨው ሲያንስ ኩላሊት ሬኒንን ወደ ደም ይለቃል። ሬኒን ጉበት የሠራውን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ቁራጭ በተለይ ሳንባ ሲደርስ ሌላ ኢንዛይም አግኝቶት እንደገና ይቆርጠዋል። እንግዲህ ያ የመጨረሻው ቁራጭ፣ አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚባለው፣ ጉልበተኛው ነው። ደም ቅዳዎቹን ያጠባል፤ አውራ ጣቱ ማለት እሱ ነው። በዚያ አያበቃም። ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፋው አድሬናል እጢ ዘንድ ሄዶ አልዶስትሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን ያስለቅቃል። የአልዶስትሮን ትእዛዝ አንዲት ናት፦ ጨዉን በሽንት አትጣሉ፣ መልሱ። ጨው በተመለሰበት ሁሉ ውኃ ይከተላል።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁንና ደም ብዛት የሚለው ስም ትንሽ እውነት አለው። ጨውና ውኃ ሲጠራቀም ቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል። የሚጨምረው ግን ጨዋማው ውኃ ነው፤ ቀይ ሥር ወይም ጉበት የሚጨምረው ነገር አይደለም። አክስቴ ከገበታ ያነሡት ንጹሑን ነው፤ ተከሳሹ ሲኒያቸው ውስጥ ነበር።

ለምን እንዲህ ጨው ወዳድ ሆነን ተፈጠርን? ታሪካችንን ማየት ይበቃል። አሞሌ ከአፋር ጠፍ ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ለሳምንታት ተጉዞ የሚመጣ፣ ገንዘብ ሆኖ የሚያገበያይ ዕቃ ነበር። ያገኘ ይልስ ነበር እንጂ በማንኪያ አይዝቅም። ኩላሊታችን የተሠራው ለዚያ ዘመን ነው፤ ያገኘውን ጨው ጨብጦ ለመያዝ። ዛሬ በርበሬው ጨው አለው፣ ሽሮው አለው፣ ሚጥሚጣው አለው፣ ዳጣው አለው፣ የቡና ቁርሱ ቆሎ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ሁሉም ተደምሮ አንዲት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ማለት ነው፤ ወጡ ውስጥ ያለውን ጨምሮ። ጨርሳችሁ አትተዉት ደግሞ። እንቅርትን የሚከላከልልን አዮዲን የሚመጣው በጨው ነውና አዮዲን ያለበትን ገዝታችሁ በትንሹ ተጠቀሙ። አለዚያ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

ይህን የኩላሊት መንገድ መሐል ላይ የሚቆርጥ መድኃኒት የተገኘው ከእባብ ነው። ብራዚል ውስጥ ጃራራካ የሚሉት እፉኝት አለ። የነደፈው ሰው ግፊቱ ወርዶ ይዘረራል። ተመራማሪዎች መርዙን ሲመረምሩ፣ ሳንባ ላይ ሁለተኛውን ቁረጣ የሚቆርጠውን ኢንዛይም የሚያስር ነገር አገኙበት። ከዚያ ተነሥተው ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ዛሬ በየፋርማሲያችን የሚሸጠው ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ወንድም ነው። ስትውጡት ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ምክንያቱ ታውቆ የተመዘገበ ነው፤ ራሳችሁ አቁማችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ሐኪሙ ሳል የማያመጣ ሌላ ይቀይርላችኋል።

ልብ ራሷስ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዝም ብላ ትቀዳለች? እኔ ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የተማርኩት፤ ልብ ፓምፕ ናት፣ አለቀ። አዶልፎ ደ ቦልድ የተባለ በካናዳ የሚሠራ ሳይንቲስት ግን በ1981 የአይጥ ልብ የላይኛውን ክፍል ፈጭቶ ለሌሎች አይጦች ወጋ። አይጦቹ ጨውና ውኃ በሽንት ይለቁ ጀመር፤ ግፊታቸውም ወረደ። ልብም የራሷ ሆርሞን አላት ማለት ነው። በደም ብዛት ሳይሆን በፈሳሽ ብዛት ግድግዳዋ ሲወጠር ለኩላሊት «ኧረ ጨዉን ልቀቅ፣ ከበደኝ» ብላ ትልክበታለች። ኩላሊት ያዝ ይላል፣ ልብ ልቀቅ ትላለች። ግፊታችን በየሰዓቱ የሚቆመው በዚህ ክርክር መሐል ነው። ጨው ሲበዛ፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ ውፍረት ሲመጣ፣ በዘርም ሲወረስ፣ ክርክሩ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

ዋግምቱስ ታዲያ? የወጣው ደም ጥቂት ማንኪያ ነው። ይሁን፣ ብዙ ወጣ እንበል። ደም ለባንክ ስንለግስ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ፈሳሹን ሰውነት በአንድ በሁለት ቀን ይተካዋል። ማነው የሚተካው? ያው ሬኒን፣ ያው አልዶስትሮን። የቀዳችሁትን ኩላሊት ይመልሳል። ቀይ ሕዋሳቱ ግን ሳምንታት ይፈጃሉ፤ እነሱን የሚያስተካውም፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ኩላሊት ነው።

ወደ አክስቴ ወረቀት የሚወስደን ይኸው ሁለተኛው መልስ ነው። ኩላሊት ደሙ የያዘው ኦክስጅን ያነሰ ሲመስለው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይልካል። የሚሰማው የአጥንት መቅኔ ነው። መቅኔ ቀይ ሕዋሳትን ያመርታል፤ በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ገደማ። እያንዳንዱ 120 ቀን አገልግሎ ይፈርሳል። ደም ማነስ የሚባለው እንግዲህ የሊትሩ ማነስ አይደለም። ሊትሩ ሙሉ ሆኖ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ቀዩ ነገር፣ ሄሞግሎቢን፣ ሲያንስ ነው። ብዙውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው ምክንያቱ። አክስቴ ዘንድ ግን ሌላም ነበር። ለዓመታት ሳይታከም የቆየው ግፊት የኩላሊታቸውን ማጣሪያዎች ጎድቷቸው ነበር። የተጎዳ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲንን እንደ ድሮው አይልክም፤ መቅኔው ትእዛዝ ሳይደርሰው ይቀመጣል። በዚያ ላይ ሥጋና ጉበት መተዋቸው ብረቱንም አሳጣቸው። ደም ብዛቱ ደም ማነሱን ወለደው! አሁን ክኒናቸውን ጀምረዋል፣ ብረትም ይወስዳሉ፣ ቡናውንም ያለ ጨው ለምደውታል፤ «አሁን ውኃ ነው የምጠጣው» እያሉ ቢያማርሩም።

እንግዲህ እውነተኛ ደም ብዛት የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ስስ ስለሆነ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ከመጠን አልፎ ደማቸው ወፍሮ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ልባቸው እየከበደው ይታመማሉ። ለእነዚያ ሰዎች ደም መቅዳት በእርግጥም ሕክምና ነው። ታዲያ የእኛ ደገኞችስ? ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከኢትዮጵያዊ ባልደረባም ጋር ሆና ሰሜን ተራሮች ላይ አምባራስ የሚባል ቦታ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለካች። ውጤቱ በ2002 ታተመ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር። ይህ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙ የሚለይ አይደለም! የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95 በመቶ ገደማ ነበር። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አምባራስ የእኛ እጥፍ ከፍታ ነው። እዚያ ላይ ሆነው ደማቸውን ሳያወፍሩ መኖራቸው ሳይንቲስቶችን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከዘረ መል ጋር የተያያዘ ለመሆኑ ግን ምልክቶች አሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ የወልደያ ሰው አውቶብስ ውስጥ ያለኝ ትዝ ይለኛል፦ «እኛ ደገኞች ደማችንም ቁጠባ ያውቃል»።

(አጭር ሙዚቃ)

ብዙ ሰው ከሚጠይቀኝ ጥቂቱን ልመልስ። «ደም ብዛት ሲነሣብኝ ራሴን ስለሚያመኝ አውቀዋለሁ» የሚሉ አሉ። አያውቁትም። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም፤ ምልክቱ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ሆኖ የሚመጣበትም አለ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ከመቶው 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ነበራቸው። አብዛኞቹ አልታከሙም።

ሽፈራው ሻይ ለሚጠጡት ደግሞ፦ ቅጠሉ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ግፊት ሲያወርድ ታይቷል፤ አትጠጡ አልልም። ክኒኑን አስትቶ ብቻውን የሚቆም መድኃኒት መሆኑ ግን በሰው ላይ አልተረጋገጠም። ጾም ላይ ያላችሁም፣ ክኒኑን በምን ሰዓት ብትወስዱ እንደሚሻል ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፣ ማቋረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስትለኩ ደግሞ እንደ ዛሬው ልጅ አትለኩ። ፍቅር ሐይቅ ዳር እየተንሸራሸራችሁ፣ በቁማችሁ፣ እያወራችሁ የተለካችሁት ቁጥር አያስተማምንም። ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡና ያልጠጣ፣ ሽንቱን የሸና፣ አምስት ደቂቃ ጀርባውን ተደግፎ የተቀመጠ፣ እግሩን ያላነባበረ፣ ክንዱን በልቡ ልክ ጠረጴዛ ላይ ያሳረፈ፣ አፉን የዘጋ። እንዲህ ተለክቶ፣ በሌላ ቀንም ተደግሞ፣ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሚሆን ከሆነ ነው ወደ ሕክምና የሚኬደው።

ልጁን ረሳነው እንዴ? አልረሳነውም። እኔ ስለፈልፍ እሱ እዚሁ ወንበሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተቀምጧል፤ ለዛሬ ማሽኑን ሌላ ሰው ይዞለታል። ወደ 25 ደቂቃ ሆኖናል። ውኃ አልጠጣም፣ ሽንት ቤት አልሄደም፣ ከሰውነቱ አንዲት ጠብታ ደም አልወጣም። ክንድህን ወዲህ በል እስቲ።

(የፓምፕ ድምፅ፤ ዝምታ፤ «ጥ፣ ጥ፣ ጥ»፤ ይጠፋል)

126 በ82።

«ምኑ ወጣ?» ይለኛል።